የሉሉ አባት ስም

ሉሉ የአባቷን ስም የተናገረችው በማክሰኞ ጠዋት፣ መምህርት ውባየሁ የስም መዝገቧን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ልጆቹን አንድ በአንድ ስትጠራ ነው። "ሉሉ እንግዳው" አለች መምህርቷ። ልጅቱ ሦስት ሳምንት ሙሉ "አቤት" ስትል ከርማ፣ የዚያን ቀን ግን ቅንድቧን ሰብሰብ አድርጋ ትንሽ አሰበችና ስህተት እንደሚያርም ትልቅ ሰው ረጋ ብላ፣ "ቲቸር፣ እንግዳው የሚባለው እዚህ ሲሆን ነው። ጎንደር እያለን አባቴ ጋረደው ነበር። እማዬ ለሰው እንዳትነግሪ ብላኛለች" አለች። ተናግራ ስትጨርስ አቤት ማለቱን እንደረሳችው ትዝ አላትና "አቤት" አለች። ከጎኗ የነበረው ቱርካ ስሙን እንደ ከረሜላ አፉ ውስጥ አገላበጠው። "ሉሉ ጋረደው" አለ። ሳይጥመው አልቀረም፣ ደገመው።

ውባየሁ ክው አለች። ዓይኗን መዝገቡ ላይ እንደተከለች ቀጥሎ የሚጠራው ልጅ ማን እንደሆነ ጠፋባት። መቼም ጎንደር ውስጥ ጋረደው የሚባል ሰው አንድ ብቻ አይደለም፤ ገበሬም አለ፣ ቄስም አለ፣ ነጋዴም አለ። ስሙን ቀይሮ ገዳሪፍ ላይ የተሸሸገ ጋረደው ግን ስንት ይኖራል? የልጅቱን አባት አንድ ቀንም አይታው አታውቅም። ሌሊት የሰሊጥ መጋዘን ይጠብቃል፣ ቀን ይተኛል ነው የሚባለው፤ ሉሉን ይዛ የመጣችው እናቷ ሙሉዬ ናት፣ የምትመልሳትም እሷው ናት። መጠየቁን ፈራች፤ ሉሉ ከጠየቋት ትመልሳለችና። መዋሸት የሚባለው ነገር እንደ ፊደሉ ሁሉ ልጅቱ ጋ አልደረሰም። ቢሆንም አላስቻላትም፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጎንደር ቤታቸው የት እንደነበረ ጠየቀቻት። ከወፍጮ ቤቱ በታች፣ ትልቁ ዋርካ ጋ፣ አለች ሉሉ። አባትሽስ ምን ይሠራ ነበር? ቀበሌ፣ አለች ሉሉ፤ ጠመንጃ ነበረው። ውባየሁ ከዚህ ወዲያ አልጠየቀችም። መዝገቡን ዘጋችው።

ትምህርት ቤት ብለው የሚጠሩት ይህ አንድ ክፍል ነው። አብዱልናስር የሚባለው ሱዳናዊ ነጋዴ ድሮ የሰሊጥ ጆንያ ያከማችበት ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ በመሆኑ ከረፋዱ ጀምሮ እሳት ይተፋል፤ በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የቀረውን ሰሊጥ ፍለጋ ጉንዳን ከጠዋት እስከ ማታ ይመላለሳል። ወንበር የለም፤ ልጆቹ ባዶ ጆንያ አንጥፈው ይቀመጣሉ። ስምንት ናቸው፤ ሁሉም ከስደተኞቹ ትምህርት ቤት "አይገባቸውም" ተብለው የተመለሱ። አንደኛው ይንተባተባል፤ አንደኛዋ ቁጥር ከአምስት አያልፍላትም፤ ቱርካ ተቀምጦ አያውቅም፣ የሰማውን ቃል ግን እስኪመሽ ሲደጋግመው ይውላል። ወላጆቻቸው በየወሩ የቻሉትን ይከፍላሉ፤ ገንዘብ የሌለው ዱራ ይሰፍራል፣ ካለፈው ዓመት ረሃብ ወዲህ ማሽላ የሚንቅ ሰው የለም። ሉሉ አሥር ዓመቷ ነው። ለ ከሰ፣ በ ከከ ይደባለቁባታል፤ ፊደሎቹ ወረቀቱ ላይ አልቆም ይሏታል። "ይሄዳሉ" ትላለች። ውባየሁ ትሪ ላይ አሸዋ ነስንሳ፣ የልጅቱን ጣት ይዛ፣ እያዜመች ስታስጽፋት ከርማ ባለፈው ሳምንት ሉን ያዘች። ስሟ ሉና ሉ ስለሆነ በአንድ ፊደል ሙሉ ስሟን መጻፍ ቻለች። ሙሉዬ ልትወስዳት መጥታ ይህን ባየች ጊዜ በሩን ተደግፋ አለቀሰች።

ውባየሁ እንዲህ ያሉትን ልጆች መሰብሰብ የጀመረችው በታናሽ ወንድሟ ምክንያት ነው። ታከለ አሥራ ሰባት ዓመት እስኪሆነው ድረስ ፊደል አልለየም። ብልህ ልጅ ነበር፤ የተሰበረ ራዲዮ ይጠግናል፣ የመንደሩን ሰው ሁሉ በኮቴው ያውቃል፤ ወረቀት ፊት ግን ይደነግጣል። እሷ የሰው ልጅ እያስተማረች የእናቷን ልጅ ማስተማር ስላቃታት ታፍርበት ነበር። በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በየካቲት፣ ቤተሰቡ ቁርስ ላይ እንዳለ የአብዮት ጥበቃዎች ገቡ። ከታከለ ኮት ኪስ አንድ የተከለከለ የፓርቲ ወረቀት ወጣ። ሰው አኑሮበት ይሁን፣ ከሱቅ ስኳር ተጠቅልሎበት የመጣ ይሁን እስከ ዛሬ አይታወቅም። አለቃቸው ጋረደው የሚባል፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። ወረቀቱን ዘርግቶ "እስቲ አንብብልኝ" አለው። ታከለ ወረቀቱን አየ፣ እህቱን አየ፣ ዝም አለ። ማንበብ አይችልም፣ አለች ውባየሁ፤ እኔ አስተማሪ ነኝ፣ እኔው ነኝ ያቃተኝ፣ ብላ ለመነች። ጋረደው አልተቆጣም። "የአስተማሪ ወንድም ማንበብ ሊያቅተው? እምቢ ብሎ ነው" አለ። በሦስተኛው ቀን ሬሳው ከወፍጮ ቤቱ በታች ተጥሎ ተገኘ።

አሁን የፈራችው ግን ያለፈውን አልነበረም። የቱርካ አባት አንዳርጌ የሎሪ ሹፌር ነው፤ የቀን ሠራተኛ እየጫነ ፋሽጋ እርሻ ያደርሳል፣ ሰሊጥ ጭኖ ይመለሳል። የእሱም ታላቅ ወንድም በዚያው ወር፣ በዚያው ሰው እጅ ነው የጠፋው። አብዱልናስርን ለምኖ ይህን ክፍል ያስገኘላት፣ ሲያፈስ ቆርቆሮውን የለወጠላት እሱ ነው፤ ደግ ሰው ነው። ጋረደው ደርጎቹ ራሳቸው ሊያስሩት ሲሉ አምልጦ ሱዳን መግባቱን ከሰማ ጀምሮ ግን ዶካም ካርቱምም ሲፈልገው ከርሟል። ያገኘሁት ቀን ለፖሊስ አልነግርም፣ ብሎ ማለቱን በገዳሪፍ ያለ የጎንደር ሰው ሁሉ ያውቃል። ከሎሪው ወንበር ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር እንዳለም ያውቃል። አንዳርጌ ከተማ ውስጥ ከሆነ በስድስት ሰዓት ልጁን ሊወስድ ይመጣል። ውባየሁ አንዲት ቃል መናገር አይጠበቅባትም። ዝም ማለት ይበቃታል፤ የቀረውን ቱርካ ይጨርሰዋል። ከሁሉ ይልቅ ያስፈራት ይህ ነበር። ስምንት ዓመት ስትመኘው የኖረችው ነገር በሕፃን አፍ ላይ ተጭኖ በራፏ ድረስ መጥቷል፤ ደስ ይለኛል ብላ ስትጠብቅ ደስታው አልመጣም።

ጠዋቱን ሙሉ ስሙን ከቱርካ አፍ ለማስጣል ታገለች። ዘፈን አዘፈነች፤ ስድስት ዘፈን፣ ከዚያ በፊት በአንድ ቀን ሁለት አልፋ አታውቅም። የቀን ስም አስቆጠረች፣ የከብት ስም አስጠራች፣ ቱርካን ከግቢው ዳር እስከ ዳር አስሮጠችው። ልጁ እየሮጠ "ጋረደው፣ ጋረደው" ሲል እግሩ ከስሙ ጋር ይመታ ነበር። ሉሉ ትሪውን ጭኗ ላይ አድርጋ በአሸዋው ላይ ሉ ትጽፋለች፣ ታጠፋለች፣ ትጽፋለች። ዛሬ አንዳርጌ ፋሽጋ ይሆናል፣ አለች ውባየሁ ለራሷ፤ የሰሊጥ ወቅት ነው፣ ሎሪ የሚያቆም ሹፌር የለም። ሙሉዬ ቀደም ብላ ብትመጣ ልጅቱን ለመላክ ተዘጋጅታ መንገዱን ደጋግማ አየች። ሙሉዬ አልመጣችም። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ከበሩ ውጭ የሎሪ ጥሩምባ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ውባየሁ ያን ጥሩምባ ታውቀዋለች።

አንዳርጌ አቧራውን እያራገፈ ገባ፤ ሎሪው ጎማው ተጎድቶ ከመንገድ እንደተመለሰ፣ ፋሽጋ ከነገ ወዲያ እንደሚወጣ አወራላት። ስለ ዝናቡ አነሳ፣ ሠራተኛ ስለመወደዱ አነሳ። እሷ "እህ" እያለች የቱርካን ጫማ ታስራለች፤ ክሩ ሦስቴ አመለጣት። አባትና ልጅ በሩ ላይ ሲደርሱ ቱርካ ዞሮ ለጓደኛው እጁን አወዛወዘ። "ቻው ሉሉ ጋረደው" አለ።

አንዳርጌ መቃኑን እንደያዘ ቀረ። ፊቱ አልተለወጠም፤ እጁ ላይ ብቻ ደም ሥሩ ተነሣ።

"ጋረደው ማን ነው?" አለ።

ውባየሁ የምትለውን ሳታውቅ አፏ ቀደማት። በ"ው" የሚያልቁ ስሞች እየቆጠሩ እንደዋሉ ነገረችው፤ አስናቀው፣ ጋረደው፣ ብላ ሦስተኛው ስም ምላሷ ላይ ሲደርስ እንግዳው መሆኑን አይታ ዋጠችው። "ታረቀው" አለች በምትኩ። አንዳርጌ ልጆቹን አንድ በአንድ አያቸው። ሉሉ ከትሪዋ ቀና ብላለች፤ መምህርቷ መሳሳቷን ልትነግራት አፏን ልትከፍት ስትል ውባየሁ "ሉሉ፣ ተነሺ ውሃ አምጪልኝ፣ ጉሮሮዬ ደርቋል" አለቻት። ልጅቱ ጣሳውን አንሥታ ወደ ዚሩ፣ ውሃ ወደሚቀዘቅዝበት ጋን፣ ሮጠች። አንዳርጌ በዓይኑ ተከተላት።

"ክፉ ስም መርጠሻል መምህርት" አለ። "አንቺ ደግሞ ከኔ የባሰ ታውቂዋለሽ።"

"ስም ምን ያደርጋል፣ አንዳርጌ። ጎንደር በሙሉ ጋረደው ነው" አለች።

ወደ ውጭ ወጣ። ሎሪው ግን ቶሎ አልተነሣም፤ ሞተሩ እየሠራ ብዙ ቆመ። ልጁን እየጠየቀው ይሆን? ውባየሁ ከበሩ ኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆጠረች፤ ስንት ላይ እንደደረሰች ሳታውቅ ሎሪው ሄደ። ሉሉ ውሃውን ይዛ ከፊቷ ቆማ ነበር። ጠጣችው፤ ግማሹ ደረቷ ላይ ፈሰሰ።

ሌሎቹ ልጆች ሲበተኑ ሙሉዬን ሳትጠብቅ ሉሉን እጇን ይዛ ወጣች። በገበያው መካከል ሲያልፉ ሰላምታ የሚሰጣት ሁሉ የሰማ መሰላት፤ የሻይ ቤቱ ሰው እንኳ "እንዴት ዋልሽ" ሲላት የሚጠይቃት ሌላ ነገር መሰላት። ሉሉ መንገዱን ትመራታለች፤ ግራና ቀኝ ስለሚምታታባት ሁለት ጊዜ ተመለሱ። ቤቱ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው፤ አንድ የጭቃ ክፍል፣ ከፊቱ ራኩባ የሚሉት የሣር ዳስ። ሙሉዬን ዳሱ ሥር የሰው ልብስ ስታጥብ አገኘቻት፤ ሙሉዬ ልብሱ በዝቶባት መቅረቷን ተናግራ ይቅርታ ጠየቀች፣ አረፍ ይበሉ አለች፣ ሰው እንዳይጠረጥር የሚዘረጋውን የሰላምታ ቃል ሁሉ ዘረጋች። ውባየሁ አልተቀመጠችም። ሉሉ የአባቷን ስም መናገሯን፣ የአንዳርጌ ልጅ መስማቱን፣ አንዳርጌም መስማቱን ነገረቻት። ሙሉዬ ምኑን ብላ አልጠየቀችም። እጇ አረፋው ውስጥ እንዳለ ቀረ።

"ምን ይሻላል ይላሉ?" አለች ቀስ ብላ።

ከውስጥ አንገሬቡ፣ የገመዱ አልጋ፣ ሲንቋቋ ተሰማ። "ሙሉዬ፣ ማን ነው?" የሚል ድምፅ መጣ። ለስላሳ ድምፅ ነው። ውባየሁ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ድምፅ ብትሰማ እንደምትጮህ፣ ድንጋይ እንደምታነሣ ታስብ ነበር። የዳሱን ምሰሶ ያዘች።

የወጣው ሰው ሱዳኖች የሚለብሱትን ረጅም ነጭ ልብስ የለበሰ፣ የከሳ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው። ውባየሁ መምህርት መሆኗን ሲሰማ "እግዜር ይስጥልን፣ ልጃችንን እየረዱልን ነው አሉ" አለ። ሙሉዬ የሆነውን በአጭሩ ነገረችው። ጋረደው የአንዳርጌን ስም ሲሰማ ዓይኑ ወደ መንገዱ ሮጠ፤ ቀጥሎ ልጅቱን ጠራት። ሉሉ መጥታ ፊቱ ቆመች።

"ስሜ ማን ነው?" አላት።

"እዚህ ሲሆን እንግዳው።"

"እዚህ ሲሆን የሚባል ነገር የለም። ማን ነው?"

ልጅቱ አሰበች። የተጠየቀችው ከባድ እንደሆነ ያስታውቅባታል፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። "ጋረደው" አለች በመጨረሻ፣ ያገኘችው መስሏት። ሰውዬው ከግድግዳው ላይ ቀበቶውን አወረደ። ወደ ውባየሁ ዘወር ብሎም እንደ ሽማግሌ አስረዳት። "ይገባታል እኮ። እምቢ ብላ ነው" አለ።

ውባየሁ ምሰሶውን ለቀቀች። እንዴት እንደሄደች አታውቀውም፤ ራሷን ያገኘችው በእሱና በልጅቱ መካከል ነው፤ ሉሉ የቀሚሷን ጫፍ ከኋላዋ ጨብጣዋለች። "እምቢ አላለችም" አለች። "አትችልም። ወንድሜም አይችልም ነበር።"

"ወንድምሽ ማን ነው?" አለ። እርስዎ ማለቱን ትቷል።

"ታከለ። በሰባ፣ በየካቲት። ወረቀት አንብብ ያልከው።"

ጋረደው ቀበቶውን እንደያዘ አሰበ። ከልቡ አሰበ፤ ግንባሩ ተቋጠረ። "ወረቀቱ ብዙ ነበር" አለ በመጨረሻ። "ታከለም ብዙ ነበር።" ለመሳለቅ አልነበረም፤ እውነቱን ነው የነገራት። ውባየሁን ከቀበቶው ይልቅ ያስፈራት ይህ ነው። የወንድሟ ፊት በዚህች ዓለም ላይ ከእሷ በቀር በማንም ዘንድ እንደሌለ ያን ጊዜ ገባት።

ለአንዳርጌ ነግራው እንደሆነ ጠየቃት። አልነገርኩትም አለች። ለምን አልነገርሽውም አላት፤ ሉሉን ወደ ራሷ ሳበቻት። አላመናትም። ቀበቶውን ወገቡ ላይ አሠረና ማምሻውን ወደ ሀዋታ ከተማ የሚሄድ ሎሪ እንደሚነሣ፣ ከዚያም ወዲያ እንደሚሻገሩ፣ ዕቃ እንድትሰበስብ ለሙሉዬ ነገራት። ሙሉዬ ከገንዳው አጠገብ አልተነሣችም። ሁለተኛ ነገራት። ልብሱን ጨምቃ፣ አራግፋ፣ ገመዱ ላይ አሰጣችው።

"አንተ ሂድ" አለች ጀርባዋን እንደሰጠችው።

"ምን አልሽ?"

"መተማ ላይ ስም ቀየርክ፤ ዝም አልኩ። ዶካ ላይ ቀየርክ፤ ዝም አልኩ። ልጄ ከእንግዲህ ስንት ስም ትያዝ? አሁን ገና የራሷን ያዘች። የአንተን አንተው ይዘኸው ሂድ።"

ከገመዱ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። በጣቢያው በኩል የሎሪ ጥሩምባ ጮኸ፤ ሦስቱም አዋቂዎች እንዳሉ ደረቁ፤ ጥሩምባው ወደ ገበያው አለፈ። ጋረደው የግንባሩን ላብ በእጅጌው ጠረገ። የፈራ ሰው ነበር፤ ጠመንጃ ከእጁ ሲወጣ የቀረው ይኸው ነው። ወደ ውስጥ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ በብርድ ልብስ የተቋጠረ ነገር ይዞ ወጣ። በልጅቱ ፊት ሲያልፍ እጁን ራሷ ላይ አኖረ። ሉሉ ቀና ብላ አየችው።

"አባዬ፣ ሀዋታ ሲሆን ስምህ ማን ነው?" አለችው።

አልመለሰላትም። ሐዲዱን ተከትሎ ጎንበስ ብሎ ሄደ፤ ከባቡር ፉርጎዎቹ ኋላ ሲታጠፍ ዞሮ አላየም።

ውባየሁ እስኪሰወር ቁማ አየችው። መጮህ ትችል ነበር፤ አንዳርጌ ጋ ለመድረስ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። አልጮኸችም። በልጅ ፊት የሚሆን ነገር አይደለም ብላ ነው ጠዋት የዋሸችው፤ አሁን ግን ያ ምክንያት እንኳ አልነበራትም፤ አባትየው ሄዷል፣ ልጅቱ ከእናቷ ጋር ናት። ፈርታ ነው? ደክሟት ነው? ታከለን ለሁለተኛ ጊዜ አሳልፋ የሰጠችው መሰላት፤ እንባዋ መጣና በነጠላዋ ጠረገችው። ነገ አንዳርጌ ተመልሶ ይጠይቃታል። ጎማውን አሠርቶ ሲጨርስ፣ ምናልባትም ዛሬውኑ። የሉሉን አባት ስም ከሰው ሁሉ ያጣራል፤ እውነቱን ሲያገኝ ልጁን ከእሷ ይወስዳል፣ አብዱልናስርም ክፍሉን ይፈልገዋል። ይህን ሁሉ ከመንገዱ ዳር ቁማ አሰበችው፤ ፍርሃቷ አልቀነሰም፣ እንዲያውም ስፍራ አግኝቶ ተቀመጠ።

ሙሉዬ እስከ ጣቢያው ድረስ ሸኘቻት። ሲሄዱ አልተነጋገሩም፤ ሁለቱም በመጣ በሄደ ሎሪ ይደነግጣሉ። ሊለያዩ ሲሉ ሙሉዬ የታጠበ እጇን በቀሚሷ ጠረገችው፣ ደረቅ ነበር።

"እንግዲህ ልጅቷን..." አለች፤ ቀና ብላ ልታያት አልደፈረችም። "ነገ ላምጣት? ወይስ ይቅር?"

ውባየሁ ወደ ገበያው መንገድ አየች። ሙሉዬ ይህን መልስ አድርጋ ወስዳ ራሷን ነቀነቀች፤ ልትመለስም ዞረች።

"ሁለት ሰዓት ላይ ነው የምጀምረው" አለቻት ውባየሁ። "እንዳታረፍድብኝ።"